እግር የሚያውቀው

ቸርችል ጎዳና ቁልቁለት ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ይነሣና የቴዎድሮስን አደባባይ ከነሴባስቶፖል አምሳያው አልፎ፣ ሊሴ ገብረ ማርያምን፣ ጥቁር አንበሳን፣ ፖስታ ቤቱንና ብሔራዊ ቴአትርን ግራና ቀኝ እያስቀረ፣ ለገሀር ከቆመው የይሁዳ አንበሳ ዘንድ ይደርሳል። ከዚያ ወደ ግራ ጥቂት ቢራመዱ ስታዲየሙ ነው፤ የድሮ ሰዎች ካምቦሎጆ የሚሉት። ለኳስ ወዳድ የዚህ ጎዳና ሁለት ጫፎች የተለያዩ ሰፈሮች አይደሉም። ላይኛው ጫፍ፣ አራዳ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተበት ነው። ታችኛው ጫፍ ያው ክለብ ሲያሸንፍና ሲሸነፍ የኖረበት ሜዳ ነው። ስንት ትውልድ ከቀትር በኋላ እየዘፈነ ወርዶ ማታ እየተከራከረ ዳገቱን ወጥቷል። ክርክሩ ደግሞ ልማድ አለው፤ ለገሀር ላይ በተጫዋች ይጀመርና ቴዎድሮስ አደባባይ ሲደርስ አሰልጣኙ ላይ ያርፋል። በስታዲየሙ ጥላ ፎቅ የተቀመጠውም ካታንጋ የቆመውም እዚህ ላይ አንድ ናቸው።

ይህ ልማድ አንድ ጥያቄ አሳልፎ ይሄዳል። ሃያ ዓመት ኳስ ሲጫወት የኖረ ሰው አሰልጣኝ ሲሆን ከመስመሩ ማዶ ምን ይዞ ይሻገራል?

ቀላሉ መልስ «የሚያውቀውን» የሚል ነው። የሚያውቀው ግን የት ነው ያለው? በሰፈር ሜዳ አብዶ የሚችል ልጅ አቁማችሁ «እንዴት አድርገህ አለፍከው?» ብትሉት «ኳሷን አምጧት» ይላችኋል። በአፉ ካስረዳ ይንተባተባል። «እንዲህ ታደርግና» ብሎ ይጀምራል፤ «እንዲህ» የምትለዋን እግሩ ካልጨረሰለት ንግግሩ እዚያው ይቆማል። ዕውቀቱ አለ፤ ከጉልበት በታች ተቀምጧል እንጂ። ጉልበት ሲደክም ደግሞ አብሮ ይደክማል። ደራሲ በሰባ ዓመቱ ይጽፋል፤ ዳኛ በሰባ ዓመቱ ይፈርዳል። ተጫዋች ግን በሠላሳ አምስት ዓመቱ ኳሷ የት እንደምትወድቅ ከማንም በፊት ያያል፣ ይሮጣል፣ ሲደርስ ሌላ ሰው ወስዷታል። ልጆቹ እንኳ ሳያድጉ አንድ ሞት ሞቶ የሚኖር ሰው ነው።

ከዚህ ሞት በኋላ ስላለው ኑሮ ለማሰብ ከእኛ አገር ሰው ከይድነቃቸው ተሰማ የተሻለ አላገኘሁም። የተወለዱት ጅማ፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ በዕንቁጣጣሽ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ባለቅኔና ድምፃዊ ነበሩ፤ በአፄ ምኒልክ ዘመን ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ ነገሩ ይገባዋልና። አባት በአንድ ትንፋሽ ያወጡት ግጥም ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬም ይደመጣል። ድምፁ ይንሿሿል፣ ይርቃል፣ ግን አለ። ልጅ በጊዮርጊስ ማልያ ከሃያ ዓመት በላይ አጥቂ ሆነው ሲጫወቱ ግን ሜዳ ዳር ካሜራ ቆሞ አልጠበቃቸውም። ኳሷን እንዴት ይቀበሉ ነበር? በየትኛው ትከሻ ያታልሉ ነበር? ያዩ ሰዎች ለልጆቻቸው ተረኩ፤ ልጆቹም እያሳመሩ ተረኩ። አንደኛው የጥበብ ሰው ራሱን ትቶ አለፈ፤ ሁለተኛው ሌሎች ሰዎች ሆነው ካልቀሩ በስተቀር የሚተዉት አልነበራቸውም። ይድነቃቸው አሰልጣኝ የሆኑት ለዚህ ነው አልልም፤ ሰው ሥራውን የሚመርጠው በፍልስፍና አይደለም። ውጤቱን ወደኋላ ሲያዩት ግን እንዲህ ያለ መልክ አለው።

እሳቸው ያደጉበት ሜዳ አሰልጣኝ የሚባል ሰው በየክለቡ የሚገኝበት አልነበረም። አዲስ አበባ ላይ ኳሱን የያዙት የውጭ ማኅበረሰቦች ነበሩ፤ አርመኖች፣ ግሪኮች፣ ጣሊያኖች። ጊዮርጊስ ራሱ የተጸነሰው በአየለ አትናሽና የግሪክ ዝርያ ባለው በጆርጅ ዱካስ ነው። የጣሊያን ወረራ ሲመጣ ክለቡ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተብሎ እንዲጠራ ተገደደ። የአራዳ ልጅ የፋሽስት ስም ደረቱ ላይ ተለጥፎበት፣ ዘርን ከዘር በሚለይ ሕግ ሥር፣ ኳስ ገፋ። ከነጻነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1944፣ የመጀመሪያው የአገር ሻምፒዮና ሲደረግ የቀረቡት አምስት ቡድኖች ነበሩ፦ ጊዮርጊስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። ዋንጫውን የወሰደው የወታደሮቹ ቡድን ነበር። በራሱ ከተማ፣ በራሱ ሻምፒዮና፣ ሀበሻው ከአምስት አንዱ ነው።

ይህ ሁኔታ ለተጫዋች መከራ፣ ለወደፊት አሰልጣኝ ግን ትምህርት ቤት ነው ብዬ አምናለሁ። የሚያሳየው ሰው ያለው ልጅ እያየ ይኮርጃል፤ ለምን ብሎ ሳይጠይቅ እግሩ ይማራል። የሚያሳየው የሌለው ልጅ ግን የተጋጣሚውን አሰላለፍ በዓይኑ ፈትቶ፣ «እነዚህ ሰዎች ለምን ሁልጊዜ ነጻ ሰው ያገኛሉ?» ብሎ ራሱን መጠየቅ አለበት። ዕውቀቱ ወደ እግሩ ከመውረዱ በፊት በጭንቅላቱ በኩል ያልፋል። «ታላቅ ተጫዋች ጥሩ አሰልጣኝ አይሆንም» የሚባለው አባባል ሰነፍ ቢሆንም ከኋላው እውነት ያለው እዚህ ላይ ነው። ታላቅነቱ አይደለም የሚያግደው። ችግሩን እግሩ ቶሎ ስለሚፈታለት፣ ችግሩ ምን እንደነበረ አውቆ የማያውቅ መሆኑ ነው። ሌላው ሲሳሳት የሚያየው ሰው ይናደዳል፤ «እዚህ ጋ አቁመሃት ዙር!» ይላል። ለእሱ የተገለጠ ነገር ነውና ከዚያ በላይ የሚጨምረው ቃል የለውም።

የቅኔ ቤት ሥርዓት ይህን ከኳስ ሜዳ በፊት ያወቀው ይመስለኛል። ዋሸራም ይሁን ጎንጅ ወይም ዋድላ፣ መምህሩ በጉባኤ መካከል ቅኔ ይዘርፋል፤ ተማሪው ሰምቶ ያደንቃል። ያን ቅኔ በቃሉ ይዞ ቢመጣ ግን ሌባ ነው። ተማሪው ዱር ገብቶ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ የራሱን ይቆጥራል፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ስንኝ፣ ከዚያ እየረዘመ እስከ መወድስ። ተመልሶ ለመምህሩ ይነግራል። የመምህሩ ሥራ ያኔ ነው የሚታየው፦ ቤቱ ሲሰበር ያቃናል፣ ምሥጢሩ ሲላላ ያጠብቃል፤ ቅኔው ግን የተማሪው እንደሆነ መቅረት አለበት። መምህር በተማሪው ቅኔ ላይ የራሱን ቢዘርፍበት ጉባኤው ያደንቀው ይሆናል፤ ተማሪው ግን ያን ቀን ምንም አልተማረም። ታላቅ ተጫዋች አሰልጣኝ ሲሆን የሚፈተነው በዚህች ነው። ልምምድ ላይ ኳሷን ነጥቆ «እንዲህ!» ብሎ ማሳየት ይጣፍጣል፤ ልጆቹም ያጨበጭባሉ። እግሩን መሰብሰብ የቻለ ጥቂት ነው።

ይድነቃቸው የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ ሆነው እግራቸውን የሰበሰቡበት ቀን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው፤ የቃና ዘገሊላ ማግስት፣ እሑድ። ከዚያ በፊት ከግብፅ ጋር የነበረን ሂሳብ ቀላል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ካርቱም ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ 4 ለ 0፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ካይሮ ላይ ደግሞ እንደገና 4 ለ 0 ተሸንፈናል። አሁን ዋንጫው አዲስ አበባ መጥቶ፣ ቱኒዚያ በግማሽ ፍጻሜ 4 ለ 2 ወድቃ፣ ፍጻሜው እነዚያው ግብፆች ላይ ወደቀ። የግብፁ በዳዊ አገባ፤ ኢትዮጵያ በሁለተኛው አጋማሽ መገባደጃ አካባቢ አቻ ሆነች፤ ስታዲየሙ ጮኾ ሳይጨርስ በዳዊ ደገመ። መደበኛው ጊዜ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀር እንደገና አቻ። ሁለት ለሁለት።

ከተጨማሪው ሠላሳ ደቂቃ በፊት ያለች አጭር ዕረፍት አለች። ተጫዋቹ ሣሩ ላይ ተዘርግቶ ባቱን ያሳሻል፤ አሰልጣኙ ይቆማል። ሰው ሁሉ አሰልጣኝ የሚያደርገው ነገር ታክቲክ ነው ብሎ ያስባል። እኔ ግን ያች ዕረፍት የሥራው ዋና መልክ ናት እላለሁ፦ ሠላሳ ደቂቃ የሚሮጡት እነሱ ናቸው፣ የሚያገቡት እነሱ ናቸው፣ አንተ የዛሬ አሥር ዓመት ብትሆን ኖሮ ምን ታደርግ እንደነበር የምታውቀው ነገር ለማንም አይጠቅምም፤ ቢጠቅም ኖሮም እግርህ ውስጥ ነው ያለው። ሰውዬው ያን ሁሉ ውጦ ሁለት ሦስት ቃል ብቻ መምረጥ አለበት። በተጨማሪው ጊዜ ኢትዮጵያ ሁለት ጨመረች፤ የመጨረሻዋን፣ አራተኛዋን፣ የጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አገባት። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር፤ አስመራ ከኤርትራዊት እናትና ከጣሊያናዊ አባት የተወለደ። በወረራ ዘመን የፋሽስት ስም ተለጥፎባቸው ከነበሩት የጊዮርጊስ ልጆች አንዱ፣ የጣሊያን ስም ያለውን ልጅ አምበል አድርጎ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። እንዲህ ያለውን ነገር ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢጽፈው «አበዛኸው» እንለዋለን።

የሜዳ ቴኒስ ይህን ከዳር ሆኖ የማየት ነገር ከኳስም የበለጠ ያጎላዋል። እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ በትልልቆቹ ውድድሮች የቴኒስ አሰልጣኝ ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ አንዲት ቃል እንዳይተነፍስ ሕጉ ያግደው ነበር። መቀመጫው ላይ ተሰፍቶ ያይ ነበር፤ በምልክት ቢያሳይ ቅጣት ነበረው። ኢቫን ሌንድል ስምንት ታላላቅ ዋንጫዎችን የወሰደ ሰው ነው፤ ዊምብልደን ግን አልተሳካለትም። እ.ኤ.አ. በ1986 በቤከር፣ በ1987 በካሽ፣ ፍጻሜ ላይ ተሸነፈ። በኋላ የአንዲ መሪ አሰልጣኝ ሆነና በ2013 ልጁ እዚያው ሣር ላይ አሸነፈ፤ ከፍሬድ ፔሪ ወዲህ 77 ዓመት የጠበቁት ብሪታንያውያን አበዱ። ሌንድል ያን ሁሉ ከመቀመጫው ነው ያየው። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ «በልጁ በኩል ሕልሙን ፈታ» እያለ ያጣፍጠዋል። እኔ አይመስለኝም። ሌንድል ዊምብልደንን አላሸነፈም፤ መሪ ነው ያሸነፈው። ሌንድልን አሰልጣኝ የሚያደርገው ይህንን ልዩነት መሸከም መቻሉ ነው። የራሱን ያልተፈታ ዕዳ በልጁ ትከሻ ላይ የሚጭን አሰልጣኝ በየሰፈሩ ሞልቷል፤ አባትም እንዲሁ።

ይድነቃቸው ከ1954ቱ ዋንጫ በኋላ ከኳሷ ይበልጥ እየራቁ ሄዱ። ቀድሞውንም ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ሲመሠረት ከነበሩት አንዱ ነበሩ፤ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለ ቡድን አልልክም ብላ ከመጀመሪያው ውድድር የተገለለችበትን ያንን ጊዜ አይተዋል። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት፣ ከ1971 ጀምሮ ደግሞ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆኑ፤ ፕሬዚዳንትነቱን እስከ ዕለተ ሞታቸው ይዘውታል። አፓርታይድን ከስፖርት ለማስወጣት የታገሉት ትግል ከግባቸውም ከዋንጫቸውም በላይ ስማቸውን በአህጉሩ አስጠርቷል። ያረፉት ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በቡሄ ዕለት ነው። ከሣሩ ወደ መስመሩ፣ ከመስመሩ ወደ ቢሮው፣ ከቢሮው ወደ ጉባኤው፤ እያንዳንዱ እርምጃ ሥልጣኑን ያሰፋዋል፣ ኳሷን ደግሞ ያርቃታል። የስብሰባ ሰው ሆነው ሳለ ግን አነጋገራቸው ላይ የሚቀር ነገር ነበር፤ በአህጉሩ ስም ሲከራከሩ የሚከራከሩት ከአምስት ቡድን አንዱ ሆኖ በገዛ ከተማው የተጫወተ ሰው እንደመሆናቸው ነው። ያን ማንም መጽሐፍ አያስተምርም።

ሁሉም ግን እንዲህ ከፍ ብሎ አይሄድም። ሉቻኖ ቫሳሎ መጫወት ካቆመ በኋላ አሰልጣኝ ሆነ፤ በደርግ ዘመን አገር ጥሎ ጣሊያን ገባ፤ እዚያው እ.ኤ.አ. በ2022 አረፈ። ዋንጫውን ያነሣበት ስታዲየምም ዛሬ ሌላ ነው። ካፍ የአገራችንን ሜዳዎች ለዓለም አቀፍ ጨዋታ ብቁ አይደሉም ካለ ወዲህ ብሔራዊ ቡድናችን «በሜዳው» የሚለውን ጨዋታ በሰው አገር ሲጫወት ከርሟል። በጎዳናው ላይኛው ጫፍ ደግሞ ብዙው የፒያሳ ክፍል በ2016 ዓ.ም. ፈረሰ፤ በዶሮ ማነቂያና በጎረቤቶቿ የጨርቅ ኳስ የተገፋባቸው ጠባብ መንገዶች በነበሩበት ሰፊ ጎዳናና መብራት መጣ። አምሯል፤ አልክድም። ጥግ ላይ ቆሞ የልጆች ኳስ እያየ «አንተ፣ ግራ እግርህን ለምን ለበዓል አስቀመጥከው?» የሚል የቀድሞ ተጫዋች ግን ሰፊው ጎዳና ላይ የሚቆምበት ቦታ አይኖረውም። የአሰልጣኝነት የመጀመሪያው ወንበር ያ ነበር፤ ደመወዝም ማዕረግም የሌለው።

ወደ መንግሥቱ ወርቁ ልመለስ፤ እውነቱን ለመናገር ከይድነቃቸው ይልቅ እሱ ነው ይህን ጉዳይ የሚያከብደው። ጎንደር ተወልዶ በጊዮርጊስ የኖረ፣ በአፍሪካ ዋንጫ በአጠቃላይ አሥር ግብ ያገባ አጥቂ ነው፤ በዚህ ውድድር ከኢትዮጵያውያን ማንም አይደርስበትም። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ሆነው ያገባት አራተኛዋ ግብ በአገሪቱ ከተዘመረላቸው ሁሉ የመጀመሪያዋ ናት። በ1974 ዓ.ም. እሱ በተራው የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ ሆኖ ሊቢያ ወደተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ሄደ። ናይጄሪያ 3 ለ 0 አሸነፈችን። ዛምቢያ 1 ለ 0። ከአልጄሪያ ጋር 0 ለ 0። ሦስት ጨዋታ፣ ዜሮ ግብ። የአገሪቱ ታላቁ ግብ አግቢ ያሰለጠነው ቡድን አንዲት ግብ ሳያገባ ተመለሰ፤ ወደዚያ ውድድር የሚመልሰን ቡድን ለማግኘት ደግሞ እስከ 2005 ዓ.ም. ድረስ፣ እስከ ሰውነት ቢሻው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ጠበቅን።

ዳገቱን እየወጡ የሚከራከሩ ሰዎች ለዚህ ቶሎ ፍርድ አላቸው፤ «መጫወትና ማሰልጠን ለየቅል ነው» ብለው ይዘጉታል። መንግሥቱ አሥሩን ግብ በልጆቹ እግር ውስጥ ሊያስገባ ይችል ነበር ብሎ መጠበቅ ግን መምህሩ የዘረፈውን ቅኔ ተማሪው ይድገመው እንደማለት ነው። በእነዚያ ሦስት ጨዋታዎች ውስጥ ሌላ የሚታይ ነገር አለ። ያን ዕለት ኢትዮጵያን ማሸነፍ ያቃታት አልጄሪያ ምድቡን መርታ ያለፈች ቡድን ናት፤ ከሦስት ወር በኋላ ስፔን ላይ በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ጥላ ዓለምን አስደነገጠች። ያን ቡድን የመንግሥቱ ልጆች ዘጠና ደቂቃ ሙሉ በሩን ዘግተው አስቀሩት። ዕድሜውን የተከላካይ ጀርባ ላይ ክፍተት ሲፈልግ የኖረ አጥቂ ክፍተቱ የት እንደሚከፈት ያውቃል፤ አውቆም በራሱ ቡድን ላይ እንዳይከፈት ማድረግ ሌላ ሥራ ነው፣ እግሩ በወጣትነቱ ሠርቶት የማያውቀው። ከአሥሩ ግቦች ጋር ያችን 0 ለ 0 የሚቆጥርለት ደጋፊ እስካሁን አላገኘሁም፤ እኔ ግን እቆጥርለታለሁ።